ጆሮ ሄዶ የሚያመጣው ዜማ



አሁን ያሰማኋችሁ 40 ሰከንድ ብቻ ነው። ድምፅ ማጉያው የተበላሸ የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። አልተበላሸም። የሰማችሁት ዳርክትሮን የተባለ የኖርዌይ ባንድ በ1994 ካወጣው «ትራንሲልቬኒያን ሀንገር» ከተሰኘ አልበም የመጀመሪያውን ዘፈን ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን እግረ መንገዴን ላሳስብ። ጊታሩ እንደተነካ የንብ ቀፎ ይተማል፤ ከበሮው በጎረቤት ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ከሩቅ ይሰማል፤ ቤዙ ከመኖሩ አለመኖሩ ይቀላል፤ ድምፃዊው ይዘፍናል ከምል ጉሮሮውን ይሞርዳል ብል ይቀርባል።

ይህን ሙዚቃ እወደዋለሁ። ሙያዬ ድምፅ መቅረጽ ነው። ከ20 ዓመት በላይ ከዘፋኞች ትንፋሽ ጀርባ የማቀዝቀዣ ጉርምርምታ ሳስወግድ፣ ከክራር ክር ላይ የጣት ጭረት ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለው ሰው ሆን ተብሎ የቆሸሸ ድምፅ ምኑን ወደደው? ዛሬ ማታ የመጣሁት ይህን ለማስረዳት ነው፤ ለማስረዳትም ከልጅነቴ ልጀምር።

አባቴ ማታ ማታ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። የአሜሪካ ድምፅ ወይም የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት ሰዓት ሲደርስ አንቴናውን ይመዝዛል፤ ከጫፉ ላይ በሽቦ ቀጥሎ ከመስኮቱ ብረት ጋር ያስረዋል፤ ከዚያ ቁልፉን በሁለት ጣቱ ለአመል ያህል ብቻ ያዞራል። መጀመሪያ የሚመጣው ሿሿታ ነው። ከዚያ ፉጨት፣ ከዚያ የማናውቀው ቋንቋ፣ ከዚያ ድንገት የሰው ድምፅ። ድምፁ ይቀርባል፣ ይርቃል፣ ይሰምጣል፣ ተመልሶ ይወጣል። እናቴ እንኳ በዚያ ሰዓት ሳህን አታጋጭም። አባቴ ጆሮውን ወደ ሬዲዮው አስጠግቶ ዓይኑን ይጨፍናል፤ የሰመጠውን ቃል ከፊቱና ከኋላው ባለው ቃል ይሞላዋል። ጎረቤት ያለው ቴሌቪዥን ዜናውን ኩልል ባለ ድምፅ ያነብ ነበር። ያንን አባቴ የሚሰማው ምሳውን እየበላ፣ እያወራ ነው። ለሬዲዮው ግን ሙሉ ሰውነቱን ይሰጥ ነበር።

ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው ነገሩ የገባኝ። ያ ሿሿታ ድምፁ ምን ያህል አገር አቋርጦ እንደመጣ ይነግረን ነበር። ርቀቱ ይሰማ ነበር። ጆሮም ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ተነሥቶ ይሄድና ድምፁን ያመጣዋል። መጀመሪያ የሰማችሁት ዓይነት ሙዚቃ፣ ጥሬ ብላክ ሜታል፣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው የምል ነኝ። ዜማውን ከሿሿታ ወዲያ ማዶ ያስቀምጠዋል፤ አድማጩም ሄዶ ማምጣት አለበት።

ታሪኩን ባጭሩ። ስሙ የመጣው ቬኖም የተባለ የእንግሊዝ ባንድ በ1982 «ብላክ ሜታል» ብሎ ካወጣው አልበም ነው። ድምፁን ግን ከማንም በላይ የቀረጸው የስቶክሆልሙ ባቶሪ ይመስለኛል። ኩዎርቶን በሚል ስም የሚታወቀው መሪው በ1984 የመጀመሪያውን አልበም የቀረጸው ከመኪና ጋራዥ በተሠራ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። ገንዘብ አልነበረም፤ ጊዜም አልነበረም። በዚያን ዘመን የነበሩ የኖርዌይ ልጆች ያንን ቀረጻ ሲሰሙ ግን የድህነት ምልክት ሆኖ አልታያቸውም። ቦታ ሆኖ ታያቸው፤ ጨለማ ያለበት፣ ብርድ ያለበት፣ ጣሪያው የማይታይ ቦታ። ሰውዬው ቸግሮት ያደረገውን ነገር እነርሱ ወደው መረጡት።

ይህ ምርጫ በግልጽ የሚታየው በዳርክትሮን ታሪክ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጆቹ ከኦስሎ በስተደቡብ ካለችው ከኮልቦትን የመጡ ናቸው። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1991 ሲወጣ በስቶክሆልም ሰንላይት ስቱዲዮ የተቀረጸ፣ በዘመኑ ፋሽን የነበረው ዴዝ ሜታል ነበር። ውስብስብ ስልት፣ የታሰበበት ቀረጻ፣ ብርቱ ጣት። መጫወት አይችሉም የሚል ሰው ያንን አልበም ይስማ። ፒስቪል የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ቀጣዩንም እንደዚያው ጠበቀ። በ1992 የመጣለት ግን «ኤ ብሌዝ ኢን ዘ ኖርዘርን ስካይ» ነበር፤ ቀጭን፣ ሻካራ፣ ብርዳም። አሳታሚው ድምፁ ደክሟል፣ እንደገና ሚክስ ይደረግ አለ። ልጆቹም ወይ እንዳለ ታወጡታላችሁ፣ ወይ ወስደን ሌላ ጋ እናሳትመዋለን አሉ። እንዳለ ወጣ። በ20 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ያለ ልጅ፣ ውል በሰጠው ድርጅት ፊት እንዲህ ብሎ ሲቆም እኔ አከብረዋለሁ።

በ1994 ከባንዱ የቀሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ፌንሪዝና ኖክቱርኖ ኩልቶ። «ትራንሲልቬኒያን ሀንገር»ን መሣሪያዎቹን በሙሉ ፌንሪዝ ብቻውን ተጫውቶ በባለ 4 ትራክ የቤት መቅረጫ ቀረጸው፤ ኖክቱርኖ ኩልቶ ድምፁን ጨመረበት። ባለ 4 ትራክ ማለት ምን እንደሆነ በዚህ ዘመን ላደጉት ላስረዳ። የመጀመሪያው የካሴት ዓይነቱ በ1979 ገበያ ላይ ዋለ። የሚሠራው ሁላችንም በምናውቀው ተራ ካሴት ነው። የካሴት ክር ወርዱ 4 ሚሊሜትር አይሞላም። በተለመደው አጠቃቀም ግማሹ ለአንደኛው ገጽ፣ ግማሹ ለሁለተኛው ገጽ ነው። መቅረጫው ግን መገልበጡን ይተውና ወርዱን በሙሉ በአንድ አቅጣጫ ለ4 ይከፍለዋል። እያንዳንዱ መሣሪያ የሚደርሰው ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ መስመር ነው። ክሩ ሲጠብብ ሿሿታው ይጎላል። በዛሬ ኮምፒውተር ላይ 100 ትራክ ከፍቼ ስሠራ ያቺን አንድ ሚሊሜትር ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። በዚያች ወርድ ላይ የማያስፈልግ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ የለም።

ከዚህ ብሶ የሄደም አለ። ቡርዙም የተባለው የአንድ ሰው ባንድ ሥራ የሆነው «ፊሎሶፌም» አልበም በ1993 ተቀርጾ በ1996 የወጣ ነው። ቀራጩ እንደሚለው፣ በስቱዲዮው ውስጥ ካለው ሁሉ የመጨረሻውን ደካማ ማይክ ስጡኝ ብሎ የጆሮ ማዳመጫ ላይ የተገጠመ ማይክ ተሰጠው፤ ጊታሩንም በጊታር አምፕ ፈንታ በቤት ውስጥ ቴፕ ማጉያ አሳልፎ ቀረጸው። ስለዚህ ሰው የምለው ሌላ ነገር አለኝ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጆሮ እንምጣ። ጊታር በዲስቶርሽን ሲያልፍ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል። የተቆረጠው ሞገድ ከመነሻው ድምፅ በላይ ብዙ ተከታይ ድምፆችን ይወልዳል። ብላክ ሜታል ጊታረኛ ደግሞ ክሩን አንዴ መትቶ አይተወውም፤ ያለ ዕረፍት ወደ ላይና ወደ ታች ይፍቀዋል። በዚህ ላይ ሁለተኛ ጊታር ሲታከል፣ ተከታዮቹ ድምፆች እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ በጉም ውስጥ እንዳለ ሰው አንዴ የሚታይ፣ አንዴ የሚጠፋ ዜማ ይፈጠራል። አንዳንዴ ማንም ያልተጫወተው ዜማ ይሰማል። እኔ ራሴ የሆነ ዝማሬ የመሰለ ነገር ለዓመታት ስሰማበት የኖርኩት ዘፈን አለ፤ አንድ ቀን በሙያ መሣሪያዬ ገብቼ ብፈልገው የለም። ጆሮዬ ነው የሠራው። ጥርት ባለ ቀረጻ ላይ ይህ አይሆንም፤ ያለው ሁሉ ተቆጥሮ ተቀምጧል።

ከበሮውም ቢሆን ሰው እንደሚለው ፍጥነት ብቻ አይደለም። አንድ ምት ለ6 ደቂቃ ሳይለወጥ ሲሄድ መጀመሪያ ያስጨንቃል፤ ከዚያ ይሰለቻል፤ ከዚያ መሰማቱን ያቆማል። የቆመ ይመስላል። በላዩ ላይ ጊታሩ አንድ ኖታ ዝቅ ሲል ተራራ እንደተንቀሳቀሰ ያህል ነው።

ጩኸቱስ? በ2015 የወጣ የሳይንስ ጥናት የሰው ልጅ የሲቃ ጩኸት ከሌላው ድምፅ የሚለይበትን ነገር መርምሮ ነበር። ስንነጋገር የድምፃችን ኃይል ከፍ ዝቅ የሚለው በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በሲቃ ጩኸት ግን በሰከንድ ከ30 እስከ 150 ጊዜ ይርገበገባል። ሻካራ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ፍርሃትን የሚያስተናግደውንም የአንጎል ክፍል በቀጥታ ይቀሰቅሳል። ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሰው «ድረሱልኝ» ሲል የምንነሣው ለዚህ ነው። ብላክ ሜታል ድምፃዊ ያንን ሻካራነት ወስዶ በሿሿታው ወዲያ፣ በጣም ርቆ ያስቀምጠዋል። ሰውነታችን ለአደጋ ይነሣል፤ ጆሯችን ግን አደጋው ከኮረብታው ማዶ መሆኑን ይነግረናል። በሌሊት ከሩቅ ጅብ ሲጮህ ጋቢ ተከናንቦ የሰማ ሰው ይህን ስሜት አያጣውም። ፍርሃት አለ፤ ግን ደግሞ ሌሊቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የምናውቀው በዚያች ጩኸት ነው።

አሁን የምናገረው ለአንዳንዶቻችሁ ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ መንፈሳቸውን እያመሳሰልኩ እንዳልሆነ አስቀድሜ እናገራለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም ዋዜማ፣ አንድ የበገና መምህር እንድቀርጽ ተሰጠኝ። በገናው 10 አውታር ያለው፣ ቁመቱ እርሳቸው ተቀምጠው ከራሳቸው የሚያልፍ ነበር። ማይኩን ደቅኜ ስሰማ ከእያንዳንዱ አውታር ጋር እዝዝ የሚል ድምፅ ይመጣል። ገመድ የላላ፣ መስመር የተበላሸ መሰለኝ። ገመድ ቀየርኩ፤ አልጠፋም። ስለዚህ በመሣሪያዬ አጣርቼ ቆረጥኩትና ደስ ብሎኝ አሰማኋቸው። መምህሩ እስከ መጨረሻው ሰሙና «ልጄ፣ ይሄ የማን በገና ነው?» አሉኝ።

ከዚያ ጠሩኝና ብርኩማው ላይ አሳዩኝ። በእያንዳንዱ አውታር ሥር፣ ክሩ ብርኩማውን በሚነካበት ቦታ፣ የጥፍር ስፋት የማታህል ቁራጭ ቆዳ ገብታለች። እንዚራ ትባላለች። በአውራ ጣታቸው ጥፍር አንዷን በትንሹ ገፋ አደረጓትና አውታሩን መቱ፤ ድምፁ ደረቅና ባዶ ሆነ። መልሰው ሳብ አደረጓትና መቱ፤ አውታሩ እንደ ንብ ዘመረ። ለ10ሩም አውታር ይህንን አንድ በአንድ፣ ጆሯቸውን ወደ በገናው አዘንብለው ሲያስተካክሉ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። እኔ ቆሻሻ ብዬ የጠረግሁት ነገር የመሣሪያው ነፍስ ነበር። ቀረጻውን ከመጀመሪያው እንደገና ሠራነው።

የዚያን ቀን የተማርኩትን ነው ኋላ ከኖርዌይ የመጣ ካሴት ስሰማ ያገኘሁት። ንዝረት ለዜማ አካል ይሰጠዋል። ድምፅን ከንዝረቱ ሲለዩት የሚቀረው ኖታው ብቻ ነው፤ ኖታ ደግሞ ወረቀት ላይም አለ።

ስለ ሙዚቃው ይህን ያህል ካልኩ ስለ ሰዎቹ ዝም ማለት አልችልም። እኔ በቤተ ክርስቲያን ጓሮ ያደግሁ ሰው ነኝ። በሰኔ 6 ቀን 1992 በበርገን አቅራቢያ የፋንቶፍት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። በ1150 ገደማ የተሠራ፣ ሁለንተናው እንጨት የሆነ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከመፍረስ ተርፎ እንጨት በእንጨት ተነቅሎ ወደዚያ ቦታ የተወሰደ። በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። ሌሎችም ተከተሉ። በዚያው ዓመት በሊልሃመር የአንድ ባንድ ከበሮ መቺ አንድ ሰው በስለት ገደለ። በነሐሴ 1993 ደግሞ የቡርዙሙ ቫርግ ቪከርነስ የሜይሄም ባንድ መሪ የነበረውን ዩሮኒመስን ኦስሎ ውስጥ ገደለው፤ በግድያውና ቤተ ክርስቲያናት በማቃጠሉ 21 ዓመት ተፈረደበት። እመለስበታለሁ ያልኩት ሰው ይህ ነው። ዘረኝነቱንም አልደበቀም። የእርሱን ሥራ ከሙያ አንጻር ሰምቼዋለሁ፤ በገንዘቤ ግን ገዝቼው አላውቅም፤ አልገዛምም።

ይበልጥ የሚያመኝ ግን ሌላው ነው። አሁን ባሰማኋችሁ፣ በምወደው አልበም ጀርባ ላይ፣ ሲወጣ የኖርዌይ የአርያን ብላክ ሜታል የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ከዘፈኖቹም የአራቱን ግጥም የጻፈው ያው ቪከርነስ ነበር። አሳታሚው ሲቃወም ባንዱ አይሁዶችን የሚሳደብ መግለጫ ሰጠ፤ ቆይቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጽሑፉም ከኋለኞቹ እትሞች ወጣ። እኔ ጥቁር ነኝ። ካሴቱን ገልብጬ ያንን ያነበብኩበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ ከቴፑ አውጥቼ ሁለት ዓመት አልነካሁትም። የተመለስኩበት ይቅርታው በቂ ሆኖ አይደለም። ድምፁ የእነርሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለገባኝ ነው። ሿሿታ ዘር የለውም፤ የአባቴ ሬዲዮም ሲሿሿ ነበር። ዛሬም ግን ለወጣት ሳሰማው ያ ጽሑፍ እንደነበረበት ሳልነግር አላሰማም፤ ለእናንተም ነገርኳችሁ።

ድምፁን ከእነርሱ እጅ የወሰዱም አሉ። በአሜሪካ ፓኖፕቲኮን የተባለ የአንድ ሰው ባንድ በ2012 «ኬንታኪ» የሚል አልበም አወጣ፤ ስለ ድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ትግል ነው፤ በብላክ ሜታሉ መሐል ባንጆ ይገባል። አባቱ ስዊዛዊ፣ እናቱ ጥቁር አሜሪካዊት የሆነው ማኑኤል ጋኘ ደግሞ ዚል ኤንድ አርዶር በሚል ስም የባሪያዎችን የሥራ እንጉርጉሮ ከብላክ ሜታል ጋር አዋሕዷል። ሐሳቡ የመነጨው በኢንተርኔት አንድ የማያውቀው ሰው ከወረወረበት የዘረኝነት ስድብ ነው። ስድቡን ወስዶ በእውነት ቢሠራስ ብሎ ጠየቀ። ባሮቹ የጌቶቻቸውን እምነት ከመቀበል ይልቅ እንደ ኖርዌይ ልጆች ቢያምፁ ኖሮ ዘፈናቸው ምን ይመስል ነበር? የሠራው ሥራ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ቀረጻው ከዳርክትሮን ይልቅ የጠራ ነው፤ ቁጣው ግን ጥሬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በፈረንሳይ በ1990ዎቹ ሌ ሌዥዮን ኑዋር በሚል የወል ስም የተሰባሰቡ ባንዶች ነበሩ፤ አብዛኛውን ካሴታቸውን በጣት በሚቆጠር ቅጂ አባዝተው ለሚያውቁት ሰው ብቻ ይሰጡ ነበር። ቅጂው እየተቀዳ፣ የቅጂው ቅጂ እየተቀዳ ዓለምን ዞረ። በኛም አገር ከሙዚቃ ቤት ካሴት አስቀድቶ፣ እርሱን ለጓደኛ ያስቀዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በየቅጂው ድምፁ ይደበዝዛል፣ ሿሿታው ይጨምራል፣ እኛም ድምፁ ስንት እጅ እንዳለፈ በጆሯችን እናውቃለን። ዛሬ ይህንን ሿሿታ በአንድ ቁልፍ የሚጨምር የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ወጣት ባንዶች መጥተው «አቆሽሽልን» ሲሉኝ አላደርገውም። ቆሻሻው ከላይ የሚደፋ ከሆነ ከሥሩ የሚፈለግ ነገር የለም። ይልቅ አንድ ማይክና አንድ ክፍል እሰጣቸውና በዚያ አንድ ማይክ ጨርሱት እላለሁ። ብዙዎቹ ይናደዳሉ። ከተናደዱት ውስጥ ሁለቱ ወይም ሦስቱ እውነተኛ ነገር ሠርተዋል።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት ግን ያንኑ ዘፈን አሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናዳምጠዋለን፤ 6 ደቂቃን በትንሹ ያልፋል። መብራቱን እንድታጠፉልኝ እጠይቃለሁ። ቤዙን አትፈልጉ፤ ቃሉንም ለመለየት አትሞክሩ። ከበሮው መሰማቱን እስኪያቆም ታገሱት። ከዚያ ከጊታሩ ንዝረት በላይ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አራት ኖታ የምታህል ዜማ ትመጣለች፤ ትሄዳለች። እርሷን ተከተሏት።

መብራቱን እባካችሁ።